እማዬ የራሷን በር ስትጠይቅ

ከማርያም ማኅበር ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው የነገረችኝ። ልጆቹን ከኋላ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እማዬ የጠበል ጠዲቁን ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። «ያቺ የደሴዋ ሴትዮ የምትኖርበት ዓይነት የአረጋውያን ቤት እኔንም አስመዝግቢኝ» አለችኝ። ስሞታ መሰለኝ። ማን እንዳስቀየማት፣ ባለቤቴ ይሁን ልጆቹ፣ ጠየቅኳት። «ማንም ምንም አላለኝም። አንቺም ምንም አላጎደልሽብኝም። የራሴን በር ነው የምፈልገው» አለች። ከዚያ ወሬውን ወደ ማኅበሩ ጠላ አዞረችው። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

የእኛ ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ይላል። የወለደ ሰው በልጁ ቤት ያረጃል፤ ሌላው ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። የአረጋውያን መኖሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መቄዶንያ ነው፦ ወገን ያጣ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው የሚነሣበት ቤት። ሥራውን ሁላችንም እናከብረዋለን፣ ግን ልጅ ላለው ሰው ነው ብለን አናስብም። ልጇ ሥራ ይዛ፣ ቤት ገዝታ እያለች እናት ለኪራይ ቤት ስትመዘገብ ሰው ምን ይላል? ይህን ያሰብኩት ሰው ፈርቼ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ፣ እናትን መጦር ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር ማዋልና ማሳደር ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

ግን ቀኗን ማየት ጀመርኩ። እማዬ ወደ ሲያትል የመጣችው ልጆቼን ልታሳድግልኝ ነው፤ አሳደገቻቸውም። አሁን ሁሉም ትምህርት ቤት ናቸው። እኛ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሬንተን ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ሩቅ ነው፣ መኪና አትነዳም፣ ጎረቤት በር አያንኳኳም። ጠዋት ዳዊቷን ደግማ ቡናዋን ለብቻዋ ታፈላለች፤ ከዚያ ማታ አንዳችን እስክንመጣ ትጠብቃለች። የምትተኛው በልጄ ክፍል ነው፣ ልብሷ ያለው በልጄ ቁም ሣጥን ነው። እንግዳ ስትጠራ ታስፈቅደኛለች። አዲስ አበባ ቤቷ ማንም ሳይጠራ የሚገባባት ሴት፣ እዚህ ሰው ለመጥራት ልጇን ታስፈቅዳለች። ይህን ሳስበው የጠየቀችኝ ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ።

እናም ቤት ፍለጋ ወጣን። ከዞርንባቸው ሰፈሮች አንዱ ካፒቶል ሂል ነው። እዚያ በ17ኛው ጎዳና ላይ፣ ከዴ ኸርሽ ሲናይ ምኩራብ ብዙም ሳይርቅ፣ ካውንስል ሐውስ የሚባል ሕንፃ አለ። ዕድሜያቸው 62 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ይኖሩበታል። ነርስ የሚያዝበት የእንክብካቤ ቤት አይደለም። ሁሉም የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ መታጠቢያ፣ የራሱ በር ያለው ተከራይ ነው። ይህን ቤት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያቋቋሙት ደመወዝ የማይከፈላቸው የአይሁድ ሴቶች ናቸው፤ የአይሁድ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት የሲያትል ቅርንጫፍ በጎ ፈቃደኞች። ሃይማኖትህ ምንድን ነው ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ምን አግብቷቸው?

ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ለራሴ ያልኩት «ምን አግብቷቸው?» ነው። ባለሀብት ቢሠራው ለትርፍ ነው፣ ከተማው ቢሠራው ግዴታው ነው። ደመወዝ የሌላቸው ሴቶች፣ አብዛኞቹ የራሳቸው ቤትና ልጆች ያሏቸው፣ የሰው እናት የምትኖርበትን አፓርትመንት ማሠራት ውስጥ ምን አገባቸው?

መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ 1893 ላይ ደረስኩ። በዚያ ዓመት ቺካጎ ላይ ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር፤ ከእሱ ጋር የሃይማኖቶች ጉባኤ ተዘጋጅቶ ነበር። ሐና ሰሎሞን የምትባል የከተማዋ ሴት የአይሁድ ሴቶችን ተሳትፎ እንድታስተባብር ተጠየቀች። ከወንዶቹ ጋር ስትነጋገር ግን ለሴቶቹ የታሰበላቸው ሥራ እንግዳ መቀበል ብቻ መሆኑን አየች። ትታቸው ወጣች፤ ሴቶቹም የራሳቸውን ጉባኤ አደረጉ። የአይሁድ ሴቶች ምክር ቤት የተወለደው ከዚያ ጉባኤ ነው። ብዙ ሳይቆይ በኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት ከመርከብ ብቻቸውን የሚወርዱ ወጣት ሴቶችን የሚቀበሉ፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩ ሠራተኞች አቆመ። እኛ ኤርፖርት ላይ ዘመድ እየጠበቀን ለገባነው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ መገመት አይከብድም። ማንም ያልጠበቀው ሰው በመካከላችን አለ፣ ያውቀዋል።

የሲያትሉ ቅርንጫፍ በ1900 ተቋቋመ። በ1906 ለአዳዲስ ስደተኞች የሰፈር ቤት ከፈቱ። ስፌት ያስተምሩበታል፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩበታል። በዚያ ዘመን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ይዲሽ ተናጋሪዎች፣ ከቱርክና ከሮድስ ደሴት የመጡ ላዲኖ ተናጋሪዎች በየስለር ጎዳና ዙሪያ ይኖሩ ነበር። ያ የሰፈር ቤት ዛሬም አለ። ስሙ ኔበርሁድ ሐውስ ነው። የአይሁድ ቤተሰቦች ከሰፈሩ እየለቀቁ ሲሄዱ አልዘጉትም፤ ቀጥሎ የመጣውን ሰው ተቀበሉበት። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውንም። ዛሬ ከሚያገለግላቸው መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የስለር ቴራስ በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር የኖረ ሐበሻ ሁሉ የማንን ጅማሬ ሲጠቀም እንደኖረ ላያውቅ ይችላል። እኔም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ «ምን አግብቷቸው» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ይመስለኛል፦ ከሰባ ዓመት በፊት የጀመሩትን ነው የቀጠሉት። በ1906 ስፌት ያስተማሯት ወጣት ስደተኛ በ1970 የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት። ልጆቿ ወደ ሌላ ሰፈር ወይም ወደ ሌላ ግዛት ሄደዋል። አንድ ሰው ሲመጣ የተቀበለ ማኅበር፣ ያ ሰው ሲያረጅ የት እንደሚያድር ቢጠይቅ አይገርምም።

ሲያትልም ያኔ የዛሬዋ ሲያትል አልነበረችም። ቦይንግ ከስድሳ ሺህ በላይ ሠራተኛ የቀነሰበት ጊዜ ነው፤ ከተማ ለቆ የሚሄድ የመጨረሻው ሰው መብራት እንዲያጠፋ የሚጠይቅ ማስታወቂያ በ1971 መንገድ ዳር የተሰቀለው ያኔ ነው። መሀል ከተማ ያሉ ድሃ ሽማግሌዎች ደግሞ የሚኖሩት በርካሽ አሮጌ ሆቴሎች ነበር፤ አንድ ክፍል፣ የጋራ መጸዳጃ። በመጋቢት 1970 ኦዛርክ የሚባለው ሆቴል ተቃጥሎ ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከተማው ጠንካራ የእሳት መከላከያ ሕግ አወጣ። ሕጉ ልክ ነበር። ግን እሳት ማጥፊያ ቧንቧ ለማስገባት አቅም የሌላቸው፣ ወይም ያልፈለጉ ባለሆቴሎች ዘጉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ርካሽ ክፍሎች ጠፉ። አንድ ሽማግሌ በዚያን ጊዜ የቀረው ምርጫ የልጅ ቤት፣ አደገኛ ክፍል፣ ወይም ሳይታመም የሕመምተኞች ማቆያ ነው። አራተኛ በር አልነበረም።

ፊርማው

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚቆመው። ማኅበር ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል፣ የወለደች ገንፎ ይገባላታል። ምክር ቤቱም በየከተማው እንዲህ ያለ ሥራ ነበረው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚጫወቱባቸው ክበቦች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ ከተሞች ከፍቷል። ክበብ ጥሩ ነገር ነው። ሻይ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ማታ ግን ሽማግሌው ወደዚያው ክፍሉ ይመለሳል። ክበቡን የምትመራው ሴት ቢደክማት ደግሞ ክበቡ ይቆማል፤ ማንም ቤት አልባ አይሆንም።

ቤት እንዲህ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕንፃ እንዴት እንደሚቆም ሳጠና የገባኝ ይህ ነው፦ ብዙ ጊዜ መንግሥት ራሱ አይሠራውም። በ1959 የወጣው የቤቶች ሕግ ሴክሽን 202 የሚባለውን ፕሮግራም ፈጠረ፤ ፌዴራል መንግሥት ለአረጋውያን ቤት መሥሪያ በዝቅተኛ ወለድ ለረጅም ዘመን ያበድር ነበር። የሚያበድረው ግን ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ነበር። በ1968 ሌላ የወለድ ድጎማ መጣ። በ1974 ደግሞ ሁላችንም ስሙን የምናውቀው ሴክሽን ኤይት ተወለደ፤ የኪራዩን ጉድለት መንግሥት ይሸፍናል። ገንዘቡ ነበረ ማለት ነው። የጎደለው «እኔ እፈርማለሁ» የሚል አካል ነበር።

መፈረም ምን ማለት ነው? መሬት ማግኘት፣ አርክቴክት መቅጠር፣ ከከተማው ፈቃድ ማውጣት፣ የሰፈሩን ሰው ማሳመን። እነዚህ ያልፋሉ። የማያልፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት ላይኛው ፎቅ ላይ ናት። ማሞቂያው በታኅሣሥ ይቆማል። ተከራይ ኪራይ ያቋርጣል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ሌላው መርሳት ይጀምራል። በየዓመቱ የሒሳብ ምርመራ አለ፣ የመንግሥት ቁጥጥር አለ፣ የጣሪያ መጠባበቂያ ገንዘብ አለ። ዕዳው ለአርባ ዓመት ያህል ይቆያል። ዛሬ የምትፈርም የሃምሳ ዓመት ሴት ዕዳው ሲያልቅ በሕይወት ላትኖር ትችላለች። ስለዚህ የምትፈርመው በራሷ ስም ብቻ ሳይሆን ገና ወደ ማኅበሩ ባልገቡ ሴቶችም ስም ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ባንክ ሴትን በሴትነቷ ብድር እንዳይከለክላት የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ1974 ነው። ከዚያ በፊት ባለትዳር ሴት ለአንድ የዱቤ ካርድ የባሏን ፊርማ የምትጠየቅበት ጊዜ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሕንፃ ብድር የሚወያዩት የዚያ ዘመን ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ በሙያቸው እንዳይሠሩ በዘመኑ ልማድ ቤት የቀሩ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ኮሚቴ መምራት ግን ዕድሜ ልካቸውን ያለ ደመወዝ የሠሩት ሥራ ነው። ከእንግዳ ተቀባይነት የተነሣ ማኅበር አከራይ ለመሆን ሲወስን ለእኔ ከ1893ቱ ጋር የሚስተካከል ቀን ነው። በ1893 ከሰው ጉባኤ ወጡ፤ እዚህ ግን የሌላ ሰው ሕይወት የተመሠረተበት ዕዳ ውስጥ ገቡ። ሁለተኛው ይከብደኛል። መውጣት ድፍረት ይጠይቃል፣ መግባት ግን አርባ ዓመት ይጠይቃል።

ከአይሁድ ሊቃውንት ማይሞኒደስ የምጽዋትን ደረጃዎች ሲዘረዝር ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ለተቸገረ ሰው ማበደርን፣ ከእሱ ጋር በሥራ መሻረክን፣ ሥራ ማስያዝን ነው፤ ሰውየው ዳግመኛ የሰው እጅ እንዳያይ። እነዚህ ሴቶች ይህን እያሰቡ ፈረሙ ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ግን የሠሩት ቤት ይህን ይመስላል። አሮጊቷ ተመጽዋች ሆና አትገባበትም፤ ተከራይ ናት፣ ውል አላት፣ ኪራይ ትከፍላለች። ሥራ አስኪያጁም በሯን አንኳኩቶ ነው የሚገባው። እማዬ የጠየቀችኝ በር ይህ ነው።

እኛም ቅጽ ለመሙላት ከገባንባቸው ቢሮዎች በአንዱ ያየሁት ነገር አለ። እኔ እንደ ልማዴ እስክሪብቶውን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ። ሠራተኛዋ በስልክ አስተርጓሚ አስጠርታ፣ ወንበሯን ወደ እማዬ አዙራ እሷን መጠየቅ ጀመረች። አስተርጓሚው «እማማ፣ ስንተኛ ፎቅ ይሻልዎታል? ድንገት ቢያምዎት ማንን እንድንጠራ ይፈልጋሉ?» አላት። እማዬ ወደ እኔ ዞር አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። «ዝቅ ያለውን። መስኮቱ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ» አለች። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ምን እንደምትፈልግ በቀጥታ የጠየቃት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፊርማዋን ስታኖር ቀስ ብላ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የጻፈችው።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ ልናገር። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ድጎማ ያለው ተከራይ የሚከፍለው ከተስተካከለ ገቢው 30 በመቶ ያህሉን ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስኪለወጥ ድረስ 25 በመቶ ነበር። ወርሃዊ ገቢዋ 900 ዶላር የሆነች ሴት ከ270 ዶላር ብዙም የማይርቅ ትከፍላለች። የጎደለውን መንግሥት ይሞላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ዜግነት የግድ አይደለም። ልጅ ለወላጁ በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ ስለዚህ አትደብቁት። ትልቁ ችግር ወረፋው ነው። ዊቲንግ ሊስቱ ለዓመታት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሹን ይዘጋል። አንድ ቦታ ብቻ ተመዝግባችሁ አትቀመጡ፤ አድራሻና ስልክ ስትቀይሩ ለሁሉም አሳውቁ። ደብዳቤ ልከው መልስ ካጡ ስም ይሰርዛሉ።

«እናትሽን አስወጣሻት» የሚለኝም አለ፣ ይኖራልም። ለእነሱ የምለው እማዬ ያለችኝን ነው። እሷ በየማለዳው በምትደግመው ዳዊት ውስጥ በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ የሚል ልመና አለ፤ ይኸው ልመና በአይሁድ የስርየት ቀን ጸሎት ውስጥም ይሰማል። አለመጣል ማለት አብሮ ማሳደር ብቻ ነው የሚለውን ነው እኔ አሁን የምጠይቀው። የልጅ ቤት ለፈለገች እናት የልጅ ቤት። በር ለፈለገች ደግሞ በር።

እኛ ዘንድ

ይህን ሁሉ የምጽፈው የሌላ ሰው ታሪክ አድንቄ ለማለፍ አይደለም። ሲያትል ውስጥ የእኛም ሰዎች ተነሥተዋል። በሬኒየር ጎዳና ላይ የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ የራሱ ግቢ አለው። ለዓመታት ለቅሶ የተቀመጥንበት፣ ልጆች አማርኛ የተማሩበት ቦታ ነው። ኮሚዩኒቲው በዚያ መሬት ላይ ለአረጋውያን የሚሆን 90 አፓርትመንት ያለው ሕንፃ እንዲቆም ወሰነ፤ የአረጋውያን ቤት የመሥራት ልምድ ካለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጋር ተጣመረ፣ የከተማውም ገንዘብ ገባበት። ኢትዮጵያን ቪሌጅ ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር ለስብሰባ የሚጠቅም አዳራሽ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ቤት እንዲሆን የወሰኑ ሰዎች ያንኑ ከባድ ነገር ነው የመረጡት።

አያቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እድር ያለን ሕዝብ ነን፤ ለቀብር በአንድ ሌሊት ገንዘብ እናዋጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ሠልስት እናበላለን። ለሞተ ሰው የምናሳየውን ይህን አቅም ገና ሃያ ዓመት ሊኖር ለሚችል ሰው ማዋል የሚያቅተን አይመስለኝም። አይሆንም የሚል ካለ የሬኒየሩን ግቢ ሄዶ ይይ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ የተገነቡት ሕንፃዎች የአርባ ዓመት ዕዳቸው ባለፉት ዓመታት አልቋል። ዕዳው ሲያልቅ ባለቤቱ ሕንፃውን በገበያ ዋጋ ለማከራየት ወይም ለመሸጥ ነፃ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል፤ ካፒቶል ሂል ላይ አንድ ሕንፃ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ብዙ ርካሽ ቤት ጠፍቷል። ካውንስል ሐውስ ግን አሁንም የአረጋውያን ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት እንዳለ የሚቆየው በቦርዱ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች በየዘመኑ «አንሸጥም» ስለሚሉ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አይደሉም። አንድ ሰው እነሱን አስተምሯቸዋል፣ ስብሰባ ጠርቷቸዋል፣ የሒሳቡን መዝገብ አስረክቧቸዋል።

የእኛ ሕንፃም አርባ ዓመት ይሞላዋል። ያኔ የሚወስኑት ዛሬ የሠላሳ ዓመት ወጣት የሆኑት ናቸው። ከማርያም ማኅበራችን ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ አለች፣ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ አለች፣ የከተማ አስተዳደር ውስጥ የምትሠራ አለች። በወር አንድ ምሽት ቦርድ ስብሰባ ላይ እንዲቀመጡ፣ መጀመሪያ ሰምተው ብቻ እንዲመለሱ፣ አንድ በአንድ እየደወልኩላቸው ነው። ነርሷ እሺ ብላለች። የሒሳቧ ልጅ ልጆቿ ትንንሽ ስለሆኑ ጊዜ የለኝም ብላኛለች፤ እማዬ በስብሰባው ምሽት ልጆቹን ልትጠብቅላት ፈቃደኛ ናት፣ ይህን ነገ እነግራታለሁ።